በጎንደር የነርስ ረዳቶችና የዋርድ ድጋፍ ሰጪዎች፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

የነርስ ድጋፍ ሰጪ የምንለው በሽተኛው አጠገብ ሆኖ የእንክብካቤውን ስራ እየሰራ በነርስነት ግን ያልተመዘገበ ሰው ነው። ጎንደር ውስጥ ድሮ ድሬሰር (ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ) እና ጤና ረዳት ነበሩ፣ ዛሬ ደሞ ራነር (ናሙናና ውጤት አመላላሽ)፣ ፖርተር (በሽተኛ አንሺና አመላላሽ)፣ የጽዳት ሰራተኛ፣ ልብስ አጣቢ፣ የቀዶ ጥገና እቃ የምታዘጋጀዋ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባሉ፣ ደሞዝ የማይከፈለውን አስታማሚ ሳንረሳ። ከተማችን በጤና ትምህርት የሀገሪቱ እናት ናት (ተጋኗል የሚል ካለ የ1947ቱን ነገር ታች ያንብብ)፣ ግን ስለ ሐኪሞቿና ስለ ነርሶቿ የተጻፈውን ያህል ስለነዚ ሰዎች አልተጻፈም፣ ስለዚ እዚህ የቀረበው አብዛኛው ከኮሌጁ ታሪክ ጎን ለጎን የተለቀመ ነው።

ከኮሌጁ በፊት

በሽተኛ የሚታመመውም የሚስታመመውም ቤቱ ነበር። አጥንት ሲሰበር ወጌሻ፣ ምጥ ሲመጣ ልምድ አዋላጅ፣ ሲከፋ ጸበል። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲደርስ ፈንጣጣ የመኳንንቱ ቤት ድረስ ገብቶ ነበር፣ ቁስቋም እቴጌ ምንትዋብ ግቢ የእቴጌዋን ልጅ የወይዘሮ አስቴርን ልጅ ጭምር ማከሙን ራሱ ጽፏል። እሱ አከመ እንበል፣ ሌሊቱን አጠገባቸው ቁጭ ብለው ውሃ ሲያጠጡና ላብ ሲጠርጉ ያነጉት ግን የግቢው ሴቶች መሆናቸውን ለመገመት ብዙ መመራመር አያስፈልግም።

ከገጠር በሽተኛ ማምጣት ደሞ የመንደሩ ጎልማሶች ስራ ነው። ቃሬዛ ይሰራል፣ በተራ እየተቀባበሉ ይሸከማሉ፣ ስንቅና ገንዘብ የሚያዋጣም አለ። መኪና በማይገባባቸው የጃናሞራና የበለሳ ቀበሌዎች ይሄ ዛሬም አልቀረም፣ ብዙ እናቶች አምቡላንስ ያለበት መንገድ ድረስ የሚደርሱት በሰው ትከሻ ነው።

የጣሊያን ጊዜ (ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም.) የሆስፒታል ህንጻ ትቶልን ሄዷል።

ጤና ኮሌጁ

በ1945 ዓ.ም. ገደማ በጣና ዙሪያ፣ በተለይ ደምቢያ ላይ፣ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ገባ፣ የሞተው ሰው በሺዎች እንደሚቆጠር ይነገራል። አገሪቱ ውስጥ በዛን ጊዜ የነበሩት ሐኪሞች እጅግ ጥቂት፣ አብዛኞቹም የውጭ ዜጎች ነበሩ፣ ቁጭ ብለን ሐኪም እስኪበዛ እንጠብቅ ቢባል ደምቢያ አይጠብቅም። በ1947 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የህዝብ ጤና ኮሌጅና ማሰልጠኛ ማዕከል ጎንደር ላይ ተከፈተ፣ መንግስት ከአለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ የቴክኒክ እርዳታ (ያኔ ፖይንት ፎር ይባል የነበረው) ጋር ሆኖ ነው ያቋቋመው። አዲስ አበባ የህክምና ፋኩልቲ ከመከፈቱ በፊት መሆኑን ልብ ይሏል።

የጎንደር ሃሳብ ጎበዝ ሃሳብ ነበር፣ ዛሬም ሲያስቡት ያኮራል። አንድ ሐኪም ከመጠበቅ ቡድን እንላክ ነው ያሉት። ጤና መኮንን 3 አመት ይማራል፣ ኮሚኒቲ ነርስ 2 አመት፣ ሳኒቴሪያን 1 አመት፣ የላቦራቶሪ ሰውም አብሮ ይሰለጥናል፣ ከዛ አብረው የተማሩት አብረው ጤና ጣቢያ ይወርዳሉ። በእቅዱ አንድ ጤና ጣቢያ ለ50,000 ህዝብ ነው። ጤና መኮንኑ ያክማል፣ ይመራል፤ ኮሚኒቲ ነርሷ እናቶችንና ህጻናትን ትይዛለች፣ ቤት ለቤት ትዞራለች፤ ሳኒቴሪያኑ ምንጭ ያጎለብታል፣ ሽንት ቤት ያስቆፍራል፣ ስጋ ይመረምራል። ተማሪዎቹም ንድፈ ሃሳቡን ጎንደር ተምረው ቆላድባን በመሰሉ የማስተማሪያ ጤና ጣቢያዎች ወርደው ነው የሚለማመዱት፣ የጎንደር ምሩቅ ጭቃ አይፈራም የሚባለው ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። የመጀመሪያዎቹ ምሩቃን እ.ኤ.አ. በ1957 ወጡ፣ ወዲያው በተከታዩ አመት፣ በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በ1951 ዓ.ም. መባቻ፣ የአገሪቱን ደጋማ ክፍል የመታው ትልቁ የወባ ወረርሽኝ መጣ፣ በወቅቱ በተደረገ ግምት ወደ 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ ሞቷል። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1961 ከተመሰረተው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተዋሃደ፣ ዲኖቹም መጀመሪያ ላይ የውጭ ሰዎች ነበሩ፣ ከነሱ አንዱ አሜሪካዊው ዶክተር ዴኒስ ካርልሰን ነው።

አሁን ወደ ጉዳያችን ስንመጣ፣ ከዚህ ሁሉ ስም ውስጥ የማይጠራው ድሬሰሩ ነው። ቁስል የሚያጥበው፣ መርፌ የሚቀቅለውና የሚወጋው፣ ካርድ የሚያወጣው፣ ሲያስፈልግ የሚያስተረጉመው እሱ ነው። ከጤና ጣቢያ ዝቅ የሚለውን ክሊኒክ ብዙ ጊዜ ብቻውን ይዞት ይቀመጣል፣ ጤና መኮንኑ በወር ወይ በሁለት ወር መጥቶ ያየዋል እንጂ ሌላ ረዳት የለውም። የገጠሩ ሰው ዶክተር እያለ የሚጠራውም እሱኑ ነው። አሰለጣጠኑ አንድ አይነት አልነበረም፣ አንዳንዱ ሆስፒታል ውስጥ በተግባር እያየ የለመደ ነው፣ በኋላ የመጡት ጤና ረዳቶች ግን መደበኛ ስልጠና ወስደዋል። መርፌ አብዝተዋል፣ የሌላቸውን እውቀት ተመጻድቀውበታል የሚል ወቀሳም አለ፣ አንዳንዱ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ግን ያ ሰው ባይኖር ክሊኒኩ በሩ ተዘግቶ ነበር የሚኖረው።

ከ1970 ዓ.ም. ወዲህ

እ.ኤ.አ. በ1978 ኮሌጁ በምስራቅ ጀርመን የላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ ሐኪም ማሰልጠኛ ሆነ። በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ተባለ፣ ሆስፒታሉም ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው።

በደርግ ጊዜ ጤና ረዳት በየክሊኒኩ በዛ፣ የጤና ወኪልና የሰለጠነች ልምድ አዋላጅም ተጨመሩ። ኋላ ላይ ጤና ረዳት የሚባለው መደብ ቀረ፣ ከነበሩት ብዙዎቹ ተምረው ጁኒየር ነርስ ሆኑ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም መጣና በአንድ ቀበሌ ሁለት ሴቶች ተመደቡ፣ አስረኛ ክፍል ጨርሰው አንድ አመት የሰለጠኑ። ለገጠሩ ትልቅ ነገር ነው። ሆስፒታል ውስጥ ግን የጤና ረዳቱን ቦታ የተካ የለም። ደረጃውን ማሳደጉ ትክክል ነበር የሚሉ አሉ፣ የነርስነት ክብር ከፍ ብሏል ይላሉ፣ እኔ ግን አንድ ነገር ወድቆ የቀረ ይመስለኛል፦ በሽተኛ ማጠብ፣ ማገላበጥ፣ ማጉረስ፣ ሽንት ቤት ማድረስ የማን ስራ እንደሆነ በግልጽ የሚናገር ሰው ጠፋ። ነርሷ መድሃኒትና ቻርት ላይ ናት፣ በሽተኛው ብዙ ነው፣ ስለዚ ስራው ቀስ ብሎ ወደ አስታማሚውና ወደ ጽዳት ሰራተኛዋ ተንሸራተተ።

ዋርድ ውስጥ የሚሰራው

ራነሩ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ያደርሳል፣ ውጤት ያመጣል፣ ደም ሲታዘዝ ደም ባንክ ይሮጣል። ደም የሚፈሳት ወላድ ባለችበት ሌሊት ይሄ ሩጫ ከመርፌው እኩል ህክምና ነው። ፖርተሩ ስትሬቸር ይገፋል፣ የኦክስጅን ሲሊንደር ያንከባልላል፣ በሽተኛ ከአልጋ ወደ ኤክስሬይ ያሸጋግራል፣ የወገብ ወይ የአንገት ስብራት ያለበትን ሰው እንዴት አድርጎ እንደሚያነሳ ማወቁ ሰውየው ተራምዶ መውጣቱንና አለመውጣቱን ሊወስን ይችላል። ታዲያ ይሄን ያስተማረው ማን ነው ቢባል አብዛኛው ከቀደመው ጓደኛው አይቶ ነው የያዘው።

የጽዳት ሰራተኛዋ ስራ መጥረጊያ ብቻ አይደለም። ደም የነካው መሳሪያ 0.5 ፐርሰንት ክሎሪን ውስጥ 10 ደቂቃ እንዲዘፈዘፍ በረኪናውን በልክ በጥብጣ ታዘጋጃለች፣ ከወፈረ እቃ ይበላል፣ ከቀጠነ አይገድልም። ቆሻሻ ትለያለች፣ ተራው በጥቁር፣ ተላላፊው በቢጫ፣ መርፌው ሴፍቲ ቦክስ (የስለታም ነገር መጣያ) ውስጥ፣ እሱም ሶስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋል። ሳይዘጋ የሞላ ቦክስ የሚወጋው ሐኪሙን አይደለም፣ ተሸክማ ወደ ኢንሲነሬተር (ቆሻሻ ማቃጠያው) የምትሄደዋን ነው። እቃ የምታዘጋጀዋም አውቶክሌቩን (እቃ በእንፋሎት ከጀርም የሚያጸዳውን ማሽን) 121 ዲግሪ አድርሳ የታሸገውን 30 ደቂቃ ካልጠበቀች ቀዶ ጥገናው የቱንም ያህል ቢያምር ቁስሉ መግል ይይዛል። ኮቪድ ሲገባ፣ በ2012፣ ሰው ሁሉ በር ሲዘጋ እነዚ ሰዎች ቱታቸውን ለብሰው ገብተዋል፣ ከአመት በኋላ ደሞ በሰሜኑ ጦርነት ቁስለኛ ጎንደር ሲጎርፍ ያንን ሁሉ ደም ያጠቡ እነሱው ናቸው።

አስታማሚውን በተመለከተ፣ ጎንደር ላይ ያለ አስታማሚ የተኛ በሽተኛ ከባድ ፈተና ነው ያለበት። አስታማሚው መድሃኒት ከፋርማሲ ይገዛል፣ ምግብ ያመጣል፣ ግሉኮሱ ሲያልቅ ሲስተር ብሎ ይጣራል፣ ማታ መሬት ላይ ጋቢውን አንጥፎ ይተኛል። ራሱን የማያውቅ በሽተኛ የአልጋ ቁስል እንዳይዘው በየ2 ሰአቱ መገላበጥ አለበት፣ በተግባር የሚያገላብጠው የበሽተኛው ወንድም ወይ እህት ነው፣ የሚያሳየው ካገኘ ነው ታዲያ።

አስታማሚ የሌለው ማን ነው? ከሁሉም በላይ የቀን ሰራተኛው። ለሰሊጥና ለማሽላ መተማና ሁመራ ወርዶ ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ ገዳይ በሽታ) ይዞት የሚመጣው ወጣት ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው፣ ቤተሰቡ ሩቅ፣ ስልኩም ተሽጧል። ጎንደር የካላዛር ምርምርና ህክምና ማዕከል ያለው ሆስፒታል ስለሆነ እነዚ ልጆች ወደዚህ ይላካሉ። የተለመደው ጥምር ህክምና የ17 ቀን መርፌ ነው፣ አንዳንዱም ኤችአይቪ አብሮ ስለሚኖርበት ከዛ በላይ ይቆያል። ሆዱ አብጦ ሰውነቱ አልቆ የመጣን ልጅ መርፌ ብቻውን አያድነውም፣ መብላት አለበት፣ መታጠብ አለበት፣ ከአልጋ ሲነሳ የሚደግፈው ይፈልጋል። ፖርተሩ ምሳውን ሲያካፍለው፣ የጎረቤት አልጋ አስታማሚ እናት ና ልጄ ብላ ስታጎርሰው፣ ጽዳቷ እትዬ ልብሱን ወስዳ ስታጥብለት በየትኛውም ቻርት ላይ አይጻፍም። የጎንደር ሰው እንግዳ አያሳድርም አይባልም፣ እዚህ ላይ ብኮራ አይፈረድብኝም።

እውቅናው

የአለም የነርሶች ቀን ግንቦት 4 ይከበራል፣ ኬክ ይቆረሳል፣ ሰርተፍኬት ይታደላል፣ ድጋፍ ሰጪው አዳራሹን አጽድቶ ወንበር ይደረድራል። እንግሊዞች በነርሶች ሮያል ኮሌጃቸው በኩል ህዳር 14 (በነሱ ኖቬምበር 23) የነርሲንግ ድጋፍ ሰጪዎች ቀን ያከብራሉ። እነሱ ጋር ግን ቀኑ ብቻ አይደለም፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የካቨንዲሽ ሪፖርት ወጥቶ ድጋፍ ሰጪዎቹ ወጥ ስልጠና የላቸውም ካለ በኋላ ከ2015 ጀምሮ ለአዲስ ገቢ የእንክብካቤ ሰርተፍኬት የሚባል መሰረታዊ ስልጠና ተጀምሯል። እኛ ጋር ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ የሚለው መፈክርና የንጹህና ምቹ ተቋም ንቅናቄ ከ2006–2007 ዓ.ም. ወዲህ ሲወራ ነበር፣ የመጀመሪያው በዋናነት ባለሙያውን ነው ያየው፣ ሁለተኛው ጽዳቷን ነካ አድርጓታል።

ጽዳትና ፖርተር የነርሲንግ ቡድን አካል ናቸው ወይ የሚለው ላይ ስምምነት የለም። ነርሶቹ ውስጥ ሙያችን ይቀላቀላል ብለው የሚሰጉ አሉ፣ ስጋታቸው መሰረት የለውም አይባልም፣ ድሬሰሩ መርፌ ይወጋ የነበረበት ዘመን እንዲመለስ የሚፈልግ የለም። ሆኖም በሽተኛ አነሳስ፣ ማገላበጥ፣ እጅ አስተጣጠብና ማጉረስ በሁለት ሳምንት የሚሰጥ ስልጠና ነው፣ አስተማሪዎቹም እዚሁ ግቢ ናቸው፣ በ1947 ቡድን ፈጥሮ ለሀገር ያስተማረ ከተማ ይሄ አያቅተውም።

ከሰርተፍኬት በፊት የሚቀድሙም ነገሮች አሉ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት 3 ዶዝ ነው፣ በ6 ወር ያልቃል፣ ለሐኪም ተማሪ ሲታሰብ ለጽዳቷም መታሰብ አለበት። መርፌ የወጋት ሴት የኤችአይቪ መከላከያ መድሃኒት በ72 ሰአት ውስጥ፣ ቢቻል በሰአታት ውስጥ፣ ጀምራ 28 ቀን እንደምትወስድ ማወቅ አለባት፣ ሌሊት 9 ሰአት ላይ ቢወጋት ወዴት እንደምትሄድም ጭምር። ጠንካራ ጓንትና ቦቲ አሁንም በየቦታው አንዴ ይኖራል አንዴ አይኖርም። በየሀገሩ እንደተለመደው ጽዳቱን ለኤጀንሲ የሚሰጡ ተቋማት ደሞ አሉ፣ እዛ ሰራተኛዋ የምትቀጠረው በኤጀንሲው ነው፣ ስሟ በሆስፒታሉ የሰው ሃይል ዝርዝር ውስጥ አይገባም፣ ስለዚ ስልጠናም ሲመጣ፣ ክትባትም ሲመጣ፣ የግንቦት 4 ተሸላሚም ሲመረጥ የሷን ስም የሚያቀርብ የስራ ክፍል አይኖርም።