ኤልፒ ከመምጣቱ በፊት የተሞከሩ ረጃጅም ሸክላዎች

የድሮ ሸክላ አጭር ነው። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞር ባለ 10 ኢንች ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው 3 ደቂቃ ገደማ ነው። ለዘፈን ይበቃል። ሲምፎኒ ግን አራት አምስት ሸክላ ላይ ተቆራርጦ ነበር የሚሸጠው። አድማጩ በየሦስት አራት ደቂቃው ተነስቶ ያገላብጣል። የሸክላ ኩባንያው ኮሎምቢያ እ.ኤ.አ. በ1948 በ33⅓ ዙር የሚጫወተውን ኤልፒ (ረጅም ጊዜ የሚጫወት ሸክላ) ሲያወጣ ሰው ተገላገለ። ከዚያ በፊት ግን ብዙዎች ደክመውበታል።

መንገዱ ሁለት ነው፦ ወይ ሸክላውን ቀስ አድርጎ ማዞር፣ ወይ መርፌው የሚሄድበትን ፈር ማቅጠን። ቶማስ ኤዲሰን ፈሩን ማቅጠን መረጠ። የእሱ ዳይመንድ ዲስክ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚወፍር ከባድ ሸክላ ነው። መርፌው አልማዝ ነው፤ የሚርገበገበውም ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታች ነው። በ1926 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በአንድ ኢንች ውስጥ የነበሩትን 150 ፈሮች 450 አደረሳቸው። ፍጥነቱን ከ80 ዙር ንቅንቅ ሳያደርግ ባለ 12 ኢንቹ በአንድ ገጽ 20 ደቂቃ ያዘ። ለዚያ ዘመን ይሄ ጉድ ነው! ግን ፈሩ ሲሳሳ ድምፁም ሰለለ። ስስ ግድግዳው በመርፌው ክብደት ይፈረፈራል፣ መርፌውም ፈር ይለቃል። ገዢ ጠፋ። በ1929 ኩባንያው ከነጭራሹ ከሸክላ ሥራ ወጣ።

ለእኔ የሁሉም ብልህ ኖኤል ፔምበርተን ቢሊንግ የተባለው እንግሊዛዊ ነው። ሸክላ ሲዞር ጠርዙ በመርፌው ሥር በፍጥነት ያልፋል፣ መሃሉ ደግሞ ቀስ ይላል። ስለዚህ ጠርዙ ላይ ብዙ ቦታ ይባክናል። ሰውየው በ1920ዎቹ መጀመሪያ ሸክላው ቀስ ብሎ ጀምሮ መርፌው ወደ መሃል ሲጠጋ እንዲፈጥን የሚያደርግ መሣሪያ ሠራ። ማጫወቻው ላይ ይህን መግጠም ግድ ስለሆነ ብዙም አልሄደለትም። ሐሳቡ ግን ከስልሳ ዓመት በኋላ በሲዲ ተመልሶ መጣ።

ሲኒማ ቤቶች ደግሞ ከ1926 ጀምሮ የፊልሙን ድምፅ ከሸክላ የሚያጫውተውን ቫይታፎንን ያዙ። ባለ 16 ኢንች ሸክላ በ33⅓ ዙር እየዞረ ለአንድ ጥቅል ፊልም የሚሆን 11 ደቂቃ ድምፅ ይሰጣል። መርፌው የሚነሳው ከመሃል ነው፣ ወደ ጠርዝም ይወጣል። ሸክላው መሃል በተለጠፈው ወረቀት ላይ ትንንሽ ሳጥኖች ታትመዋል። ሠራተኛው በተጫወተ ቁጥር አንዷን ምልክት ያደርጋል፤ ሳጥኖቹ ሲያልቁ ሸክላው ይጣላል።

ሌላው የሸክላ ኩባንያ አርሲኤ ቪክተር በ1931 ለቤት የሚሆን ባለ 33⅓ ዙር ሸክላ አወጣ። የኢኮኖሚው ድቀት ግን አስቆመው።

ይህ ፍጥነት እውነተኛ ባለቤት ያገኘው ዓይነ ስውራን ዘንድ ነው። የአሜሪካ የዓይነ ስውራን ፋውንዴሽን በ1934 በአንድ ገጽ 15 ደቂቃ ያህል የሚያነቡ የድምፅ መጻሕፍትን በ33⅓ ዙር ማዘጋጀት ጀመረ። ከኮሎምቢያ 14 ዓመት ቀድመው ማለት ነው። ለንባብ እንደ ሙዚቃ የጠራ ድምፅ ስለማያስፈልግ ፍጥነቱ ኋላ ላይ ወደ 16⅔፣ ከዚያም ወደ 8⅓ ዙር ወረደ።