አዲስ የፓርላማ አባል፦ የሚባለውና እውነታው

ምርጫ ባለፈ ቁጥር ሰው አዲስ ከተመረጠው እንደራሴ ወይ ከአቅሙ በላይ ይጠብቃል፣ ወይ ገና ሥራ ሳይጀምር ተስፋ ይቆርጥበታል። ሁለቱም የሚመጡት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ምን እንደሚሠራ በደንብ ካለማወቅ ነው።

«መንገዳችንን ያሠራልናል»

በብዛት የሚሰማው ይሄ ነው። አባሉ ግን ብቻውን በጀት አይመድብም፣ ኮንትራክተርም አይቀጥርም። የፌዴራል በጀት ረቂቅ ከመንግሥት ይመጣል፤ ምክር ቤቱ መርምሮ ያጸድቃል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ሰኔ ላይ ሩጫ ነው። ደግሞም ሁሉም መንገድ የፌዴራል አይደለም። ከተማን ከከተማ የሚያገናኘው ዋና አስፋልት የፌዴራል ሊሆን ይችላል፤ ከቀበሌ ቀበሌ የሚወስደው ግን የክልሉ ወይም የወረዳው ሥራ ነው። የጤና ጣቢያው መድኃኒት ሲያልቅም መጀመሪያ መያዝ ያለበት የክልል ምክር ቤት ተመራጩ ነው።

ታዲያ የፌዴራሉ አባል ምን ያደርግልናል? ይጠይቃል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ እንዲጠይቅ ሥልጣን ሰጥቶታል። «መንገድ አጣን» የሚል መራጭ እሮሮ ይዞ ነው የመጣው። «ውሉ ተፈርሞ፣ ሥራው ተጀምሮ፣ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ቆመ» የሚለው ግን ሚኒስትሩ ፊት የሚቀርብ ጥያቄ ይዞለት መጥቷል።

«ሥራቸው ቲቪ ላይ እጅ ማውጣት ነው»

እጅ የሚወጣው መጨረሻ ላይ ነው። ረቂቅ አዋጅ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል። እዚያ አንቀጽ በአንቀጽ ይታያል፣ አስረጂዎች ይጠራሉ፣ የሚመለከታቸው ሰዎች ሐሳብ ይሰጣሉ። ኮሚቴው ሪፖርትና የውሳኔ ሐሳብ ይዞ ሲመለስ ምክር ቤቱ ድምፅ ይሰጣል። የፌዴራል ዋና ኦዲተር ግኝት ሲቀርብም የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ቋሚ ኮሚቴ ፊት ቀርበው ይጠየቃሉ። ማስረጃ ያልቀረበበት ወጪ፣ ሳይሰበሰብ የቀረ ሒሳብ፣ ሁሉም እዚያ ይነሳል። ሪፖርቱን አንብቦ የገባና ሳያነብ የገባ አባል ወዲያው ይለያሉ። ለእኔ አዲስ እንደራሴ የሚመዘነው እዚህ ነው።

«ማንም አይነካውም»

ምክር ቤት ውስጥ በሰጠው ድምፅና አስተያየት አይከሰስም፤ ይሄ ተገቢ ጥበቃ ነው። ከዚያ ውጭ ግን ከባድ ወንጀል ሲፈጽም እጅ ከፍንጅ ከተያዘ ይታሰራል፤ ካልሆነም ምክር ቤቱ ፈቅዶ ያለመከሰስ መብቱን ሊያነሳ ይችላል። መራጩ አመኔታ ሲያጣበትም በሕግ መሠረት ከአባልነት ሊወርድ ይችላል። የአምስት ዓመቱ የሥራ ዘመን ዋስትና አይደለም።

«ለፓርቲው ነው የሚታዘዘው»

የፓርቲ ዲሲፕሊን ጠንካራ መሆኑን መካድ አይቻልም። አንቀጽ 54 ግን አባላቱ የመላው ሕዝብ ተወካዮች ናቸው ይላል፤ ተገዥነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ነው። ፓርቲ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። አዲስ አባል ይህን አንቀጽ በቃሉ ቢይዘው ደስ ይለኛል።

«ፓርላማው ሲዘጋ እረፍት ላይ ናቸው»

ምክር ቤቱ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ይሠራል፤ መሀል ላይ የአንድ ወር እረፍት አለው። አባላት ወደ ምርጫ ክልላቸው ወርደው መራጭ የሚያነጋግሩት እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። ስብሰባው መቼና የት እንደሆነ ወረዳው ጋ አጣሩ። ጥያቄያችሁን በጽሑፍ ስጡት፣ ቀን ጻፉበት፣ ኮፒውን እናንተ ጋ አስቀሩ። በሚቀጥለው ሲመጣ ያንኑ ኮፒ አውጥታችሁ የት እንዳደረሰው ጠይቁት።