ስካተሮሜትር ምንድን ነው? ግዙፍ የበረዶ ግግሮችን በዓይነ ቁራኛ የሚከታተለው መሣሪያ

እ.ኤ.አ. በ1992 በአንታርክቲካ ትዌይትስ ከተባለው የበረዶ ወንዝ አንድ ግዙፍ የበረዶ ግግር ተገንጥሎ ባሕር ገባ። በኋላ ከእሱ የተረፈው ትልቅ ክፍል ቢ10ኤ ይባላል። ርዝመቱ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። ይህን የሚያህል ነገር ይጠፋል ብሎ ማን ያስባል? ግን ጠፋ። ደመናና የዋልታ ጨለማ ጋረዱት፤ ደብዛው ራቀ።

በ1999 አጋማሽ ናሳ ኩዊክስካት የተባለ ሳተላይት አመጠቀ። ሳተላይቱ ገና በዚያ በኩል ሲያልፍ ቢ10ኤ ወለል ብሎ ታየ። በደቡብ አሜሪካ ጫፍና በአንታርክቲካ መካከል ወዳለው የድሬክ መተላለፊያ፣ መርከቦች ወደሚመላለሱበት መስመር እየተጠጋ ነበር።

የሚገርመው ኩዊክስካት የተላከው በረዶ ሊፈልግ አልነበረም። የባሕር ላይ ንፋስ ሊለካ ነው። የያዘው መሣሪያ ስካተሮሜትር ይባላል።

ስካተሮሜትር የራዳር ዓይነት ነው። ከሰማይ ወደ ታች ማይክሮዌቭ የሚባል የሬዲዮ ሞገድ ዓይነት ይልካል፤ ተመልሶ የሚመጣውን ይለካል። እንደ ካሜራ ፎቶ አያነሳም። የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ከላክሁት ውስጥ ስንቱ ተመለሰልኝ? ንፋስ ሲነፍስ የባሕሩ ገጽ ርዝመታቸው በሴንቲሜትር በሚቆጠር ጥቃቅን ሞገዶች ይሻክራል። ሻካራ ገጽ ማይክሮዌቩን በየአቅጣጫው ይበትነዋል፤ ከፊሉም ወደ ሳተላይቱ ይመለሳል። ጸጥ ያለ ባሕር ደግሞ እንደ መስታወት ወደ ሌላ አቅጣጫ ያንጸባርቀዋል፣ ወደ ሳተላይቱ የሚመለሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ የተመለሰው መጠን የንፋሱን ጉልበት ይናገራል። የመሣሪያው ስም የመጣውም ከዚሁ መበተን ነው።

በረዶው እንዴት ታየ ታዲያ? ግዙፎቹ ግግሮች የቀዘቀዘ የባሕር ውሃ አይደሉም። የብስ ላይ ለዘመናት ተከማችቶ የተጠቀጠቀ፣ ጨው የሌለበት በረዶ ናቸው። ማይክሮዌቩ ወደ ውስጣቸው ዘልቆ ይገባል፣ ከበረዶው ቅንጣቶች ጋር እየተጋጨ ብዙው ተመልሶ ይወጣል። ባሕሩ ላይ የሚጋገረው ስስ በረዶ ግን ጨው አለበት። ጨው ማይክሮዌቩን ይውጠዋል። መለኪያዎቹ ወደ ካርታ ሲቀየሩ ግግሩ ደማቅ ነጭ ነጠብጣብ ይሆናል፣ ዙሪያው ደብዘዝ ይላል። ለንፋስ ለኪዎች ምንም ያልነበረው ነጠብጣብ ለበረዶ ተመራማሪዎች ሲሳይ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «ምስሉ ግን ጥርት ያለ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ልክ ነው። አይደለም። የኩዊክስካት አንዱ መለኪያ ወደ 25 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው ቦታ ይሸፍን ነበር። በአሜሪካ የሚገኘው የብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እርስ በርስ የሚደራረቡ መለኪያዎችን በሒሳብ እያዋሐዱ ወደ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ አወረዱት። ይህም ቢሆን ደብዛዛ ነው። ከዚያ ያነሱ ግግሮች አይታዩም።

ግን ለክትትል ከጥራት ይልቅ ቶሎ ቶሎ ማየት ይበልጣል። እኔ ከዚህ መሣሪያ በጣም የምወደው ይህን ነው። በብርሃን የሚያይ ካሜራ ግግሩን ስንጥቁ እስኪለይ ድረስ ሊያሳየን ይችላል። ሆኖም ደመና ሲመጣ ይታወራል፣ በዋልታው ክረምት ደግሞ ፀሐይ ለወራት አትወጣም። ግግሩ እስከዚያ ቆሞ አይጠብቅም። ስካተሮሜትር ደመናም ጨለማም አይገደውም። የሳተላይቶቹ ምሕዋር ዋልታዎቹ ጋ ስለሚቀራረብ፣ ያንኑ ቦታ በቀን ደጋግሞ ያየዋል። ነጥቡን ከትናንት ነጥብ ጋር ስናገናኘው የጉዞ መስመር ይወጣል። የዩኒቨርሲቲው መዝገብ በ1978 ከተላከው ሲሳት ከተባለው ሳተላይት ጀምሮ ያሉ መረጃዎችን ይዟል። ዛሬ ሥራውን የሚቀጥሉት በአውሮፓ የሜትኦፕ ሳተላይቶች ላይ ያሉት አስካት የሚባሉት መሣሪያዎች ናቸው።

ስለ ስሞቹ በአጭሩ፦ ስም የሚሰጠው የአሜሪካ ብሔራዊ የበረዶ ማዕከል ነው። አንታርክቲካ በአራት ትከፈላለች፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እና ዲ። ፊደሉ ግግሩ መጀመሪያ የታየበትን ሩብ፣ ቁጥሩ ተራውን ይነግረናል። ሲሰበር ስባሪው ሌላ ፊደል ይጨመርለታል።

ስካተሮሜትር ድክመት አለው። በበጋ የግግሩ ገጽ ሲቀልጥ እርጥቡ በረዶ ማይክሮዌቩን ይውጠዋል፣ ነጩ ነጠብጣብም ይጠቁራል። ኃይለኛ ንፋስ ሲነሳ በተቃራኒው ባሕሩ ራሱ ይደምቅና ግግሩን ይደብቀዋል። ውፍረትንም አይለካም። ለዚያ ከፍታ የሚለኩ ሳተላይቶች ያስፈልጋሉ። እነሱ ከውሃ በላይ የቀረውን ይለካሉ፤ ቀሪው፣ ዘጠኝ አሥረኛው ገደማ፣ ከውሃ በታች ስለሆነ ከዚያ ይሰላል። በ2017 ላርሰን ሲ ከተባለው የአንታርክቲካ ተንሳፋፊ የበረዶ ንጣፍ የተገነጠለው ኤ68 የተጠናው እንዲህ ነው። የተለያዩ ሳተላይቶች መረጃ ሲገጣጠም፣ ግግሩ በሳውዝ ጆርጂያ ደሴት አጠገብ በሦስት ወር ውስጥ 152 ቢሊዮን ቶን ጨው አልባ ውሃ ወደ ባሕሩ እንደለቀቀ ታወቀ። ይህን ያህል ውሃ የባሕሩን ጨዋማነት ይለውጣል፤ አብሮት የሚመጣው ማዕድንም በአካባቢው ላለው ሕይወት ይደርሳል።

ኤ23ኤን ደግሞ አስቡት። በ1986 ተገነጠለ፣ ብዙም ሳይርቅ ሥሩ ከዌዴል ባሕር ወለል ጋር ተጣበቀ። ከ30 ዓመት በላይ ነጥቡ በአንድ ቦታ ቆየ። በ2020 አካባቢ ንቅንቅ አለ። በ2024 በደቡብ ኦርክኒ ደሴቶች አቅራቢያ የውሃ አዙሪት ያዘውና ለወራት እዚያው ሲዞር ከረመ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ አመለጠ፣ በማርች 2025 ሳውዝ ጆርጂያ አጠገብ መሬት ነካ። ከዚያ መሰባበር ጀመረ። ስባሪዎቹ እያነሱ በሄዱ ቁጥር ከስካተሮሜትሩ ካርታ ላይ አንድ በአንድ ይጠፋሉ፤ ትናንሾቹን የሚከታተሉት ጥርት አድርገው የሚያዩት እንደ ሴንቲነል-1 ያሉ ራዳሮች ናቸው።