ዘፋኙ የዘፈኑ ብቸኛ ባለቤት ነው? የቅጅ መብትና ተዛማጅ መብት

በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ በሚገኝ ስቱዲዮ የተቀረጸ ነጠላ ዜማ በዩቲዩብ ሲለቀቅ ባለቤቱ ዘፋኙ ብቻ ይመስላል፤ በሕግ ግን በአንዱ ሥራ ላይ የበርካታ ሰዎች መብት ተደራርቦ ይገኛል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የቅጅ መብት የግጥሙና የዜማው ደራሲዎች ሲሆን፣ ተዛማጅ መብት ደግሞ ሥራውን ለሚከውነው ዘፋኝ፣ ለድምፅ ቅጂው ፕሮዲውሰርና ለብሮድካስት ድርጅት የተሰጠ ነው። የደራሲው የገንዘብ መብት (ማለትም ሥራውን ለጥቅም የማዋል ወይም ሌላው እንዲጠቀምበት የመፍቀድ መብት) በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል፤ የዘፋኙና የፕሮዲውሰሩ 50፣ የብሮድካስት ድርጅቱ 20 ዓመት ነው።

ስለዚህ ነባር ዘፈንን በራሱ ድምፅ እንደገና ተጫውቶ በቲክቶክ የሚለቅ ወጣት የቀድሞውን ቅጂ ባይነካም፣ የግጥሙና የዜማው መብት ባለቤቶች ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ስማቸውን መጥቀሱ ብቻ ፈቃዱን አይተካም።

አብዝቶ የሚያሳስበኝ የገጣሚዎቻችን ነገር ነው። ብዙ ጊዜ በእጃቸው የሚቀረው «ሂሳቤን ተቀብያለሁ» ብለው የፈረሙበት አንድ ቁራጭ ወረቀት ነው፤ ይህ ክፍያን እንጂ የትኛው መብት እንደተላለፈ አያሳይም። የገንዘብ መብት የሚተላለፈው በጽሑፍ በመሆኑ፣ ውሉ ዩቲዩብን፣ የስልክ ጥሪ ማሳመሪያንና ማስታወቂያን ለየብቻ፣ ከነዘመኑና ከነክፍያው ቢዘረዝር ይበጃል።