የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ፍሬን፣ የመንሸራተት መከላከያና የሚዛን መቆጣጠሪያ

የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ፍሬን እንደ ትንንሽ መኪኖች በዘይት ሳይሆን በታመቀ አየር ይሠራል። ሞተሩ የሚያዞረው ኮምፕሬሰር አየሩን ያምቃል፣ ማድረቂያው እርጥበቱን ይለያል፣ ከዚያም አየሩ ከ8 እስከ 10 ባር በሚደርስ ግፊት በማጠራቀሚያዎች ይቀመጣል። ሹፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ አየሩ እየሮጠ ወደየጎማው ይደርስና ሸራውን (በግጭት የሚይዘውን የፍሬን ልባስ) ከጎማው ጋር ከሚዞረው ታምቡር ወይም ዲስክ ጋር ያጣብቃል። የፊትና የኋላ መስመር ለየብቻ ስለሆነ አንዱ ቢያፈስ ሌላው መኪናውን ያቆማል።

የአየር ፍሬን መነሻው ባቡር ነው። ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ የመጀመሪያ ፓተንቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1869 ሲሆን፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አየር ሲጠፋ ፍሬኑ ራሱ እንዲይዝ አድርጎ አሻሻለው። ይህ ታላቅ ሐሳብ ዛሬ በአውቶቡሱ የኋላ እግር በሞላ መልክ ይገኛል። ኃይለኛውን ሞላ ጨምቆ የሚይዘው አየር ነው፤ አየሩ ከወጣ ሞላው ይዘረጋና ፍሬኑ ይይዛል። ሹፌሩ የእጅ ፍሬን ሲስብ የሚሰማው ረጅም «ፍስስ» ከሞላው ቤት የሚወጣው አየር ድምፅ ነው። ጠዋት የግፊት መርፌው እስኪወጣ ድረስ አውቶቡሱ አልንቀሳቀስ ማለቱም ብልሽት ሳይሆን ጥበቃ ነው።

ታዲያ ቁልቁለት ላይ «ፍሬን በጠሰ» የሚባለው ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ የተበጠሰ ነገር የለም፤ ሸራው ግሎ መያዝ አቅቶት ነው። 18 ቶን የሚመዝን አውቶቡስ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ሲሄድ 5.6 ሜጋጁል ያህል ኃይል ይይዛል፤ ለመቆም ይህን ሁሉ ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት። ከፍታው 500 ሜትር የሆነ ቁልቁለት ሲወርድ ግን የሚለቀቀው 88 ሜጋጁል ነው፤ ከ90 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ 16 ጊዜ የመቆም ያህል። ይህ ሁሉ በሸራው ላይ ከወደቀ ታምቡሩ በሙቀት ይሰፋል፣ ሸራው ይለሰልሳል፣ ፔዳሉ ቢረገጥም መኪናው ይሄዳል። የሞላው ፍሬንም እዚህ ላይ እምብዛም አያድንም፤ የሚጫነው ያንኑ የጋለ ሸራ ነውና።

ስለዚህ ቁልቁለት የሚወረደው በከባድ ማርሽ፣ በጭስ ማውጫ ፍሬን (ጭሱን አግዶ ሞተሩን በሚያዘገየው) እና በሬታርደር ነው። ሬታርደር ያለ ሸራ ፍጥነት የሚቀንስ መሣሪያ ሲሆን፣ አንዱ ዓይነት በዘይት ግጭት፣ ሌላው በማግኔት ኃይል ይሠራል። በ6 በመቶ ቁልቁለት በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለመውረድ ያንኑ አውቶቡስ ያለማቋረጥ በ147 ኪሎዋት ያህል መያዝ ያስፈልጋል። ሬታርደር ይህን ሸክም ከሸራው ላይ ያነሣል። በእርጥብ መንገድ መጠቀም ይገባል አይገባም የሚለው በሹፌሮች ዘንድ ያከራክራል፤ ሬታርደሩ የሚይዘው ሞተሩ የሚያዞራቸውን የኋላ ጎማዎች ብቻ ስለሆነ ጥንቃቄ የሚሹት ወገኖች ምክንያት ያላቸው ይመስላል።

ኤቢኤስ፣ ማለትም ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው የመንሸራተት መከላከያ፣ ለከባድ መኪና የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1981 በመርሴዲስ ቤንዝና የፍሬን ዕቃ በሚሠራው በዋብኮ ኩባንያ ትብብር ነው። ከጎማው ጋር የሚዞር ጥርስ ያለው ቀለበትና ከአጠገቡ ያለ ሴንሰር የጎማውን ፍጥነት ይለካሉ። ጎማው ሊቆለፍ ሲል ባልቦላው አየሩን ይለቃል፣ ጎማው ሲዞር መልሶ ይሰጣል፤ ይህ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። የሚዞር ጎማ መሪ ይሰማል፣ የተቆለፈ ግን አይሰማም፤ የኤቢኤስ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። ስለዚህ ፔዳሉን አጥብቆ መርገጥ እንጂ መልቀቅና መርገጥ አያስፈልግም። ልቅ ጠጠር ላይ ግን የማቆሚያውን ርቀት ሊያረዝም ይችላል።

በመነሣት ጊዜ የኋላ ጎማ በከንቱ እንዳይሽከረከር የሚያደርገው ኤኤስአር እነዚሁን ሴንሰሮች ይጠቀማል፤ የሚሽከረከረውን ጎማ በፍሬን ይይዛል፣ የሞተሩንም ጉልበት ይቀንሳል። በኋላ የመጣው ኢቢኤስ ደግሞ የፔዳሉን ትእዛዝ በኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ፍሬኑ ፈጥኖ ይይዛል።

የሚዛን መቆጣጠሪያው ከሁሉ የላቀው ነው። አውቶቡስ ረጅም፣ የክብደቱም ማዕከል ከፍ ያለ ስለሆነ መታጠፊያ ላይ ከመንሸራተት አልፎ ሊገለበጥ ይችላል። ኮምፒውተሩ የመሪውን ማዕዘን አይቶ ሹፌሩ ወዴት መሄድ እንደፈለገ ያውቃል፤ በሌሎች ሴንሰሮች ደግሞ አውቶቡሱ በእውነት ወዴት እየዞረ እንደሆነ ይለካል። ሁለቱ ካልተስማሙ ሹፌሩ ፔዳል ሳይነካ የሞተሩን ጉልበት ይቀንስና የተመረጡ ጎማዎችን ይይዛል፤ የኋላው ወደ ውጭ ሲወጣ የውጭውን የፊት ጎማ፣ የፊቱ አልታጠፍ ሲል የውስጡን የኋላ ጎማ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2009፣ አሜሪካ በ2015 ባወጡት ደንብ ይህን መሣሪያ በትልልቅ አዳዲስ አውቶቡሶች ላይ ደረጃ በደረጃ ግዴታ አድርገዋል።

የኤቢኤስ መብራት ቁልፍ ሲከፈት በርቶ፣ ችግር ከሌለ ወዲያው ወይም አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ሲጀምር ይጠፋል። በርቶ ከቀረ ተራው የአየር ፍሬን ይሠራል፤ ነገር ግን የመንሸራተት መከላከያውና የሚዛን መቆጣጠሪያው በነዚያው የጎማ ሴንሰሮች ላይ ስለሚተማመኑ አብረው ሊቋረጡ ይችላሉ።