ታክሮሊመስ ምንድን ነው? ስቴሮይድ የሌለበት የችፌ ቅባት

የመጀመሪያውን ምሽት አልረሳውም። የዐይኔን ቆብ ለወራት ሲያሳክከኝ ለነበረው ችፌ ሐኪሟ አዲስ ቅባት አዘዘችልኝ፤ ከመተኛቴ በፊት በስሱ ቀባሁት። ጥቂት ቆይቶ በርበሬ በነካ እጅ ዐይኔን ያሸሁ ያህል ለበለበኝ። በማግስቱ ደገምሁት፤ ያው ሆነ። በሦስተኛው ቀን «አልተስማማኝም» ብዬ ቱቦውን መሳቢያ ውስጥ ከተትሁት። ማቃጠሉ የሚጠበቅ ነገር እንደሆነና አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ገደማ ውስጥ እየቀነሰ እንደሚሄድ ያወቅሁት ከወር በኋላ፣ ሐኪሟ ዘንድ ተመልሼ ስሄድ ነው። ይህን ሳያውቁ ጥሩ መድኃኒት የሚተዉ ሰዎች ብዙ እንደሚሆኑ ስለማምን ነው ይህን የምጽፈው።

ቅባቱ ታክሮሊመስ ይባላል፤ በንግድ ስሙ ፕሮቶፒክ ብለው የሚያውቁትም አሉ። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1984 በጃፓን፣ ትሱኩባ ከተባለ አካባቢ ከተወሰደ አፈር የተገኘ ባክቴሪያ ነው። መጀመሪያ የታሰበው ለቆዳ አልነበረም። ጉበት ወይም ኩላሊት የተተከለለት ሰው ሰውነቱ አዲሱን አካል እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳያጠቃው የሚዋጥ መድኃኒት ሆኖ ነበር የሠራው። የቆዳ ሐኪሞች ግን ችፌም በመሠረቱ የመከላከያ ኃይላችን ያለ በቂ ምክንያት የሚቆጣበት ሕመም መሆኑን ያውቃሉና፣ ቁጣውን በቆዳ ላይ ብቻ ማብረድ ይቻል እንደሆነ ሞከሩ። ቅባቱ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2000 ተፈቀደ።

አሠራሩን መረዳት አጠቃቀሙን ያቀልላል። በችፌ የተያዘ ቆዳ አጥሩ እንደላላ ግቢ ነው፤ እርጥበቱ ይወጣል፣ የሚያስቆጣው ነገር ይገባል። ቲ ሴል የሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ይህን ሲያዩ እብጠትና ማሳከክ የሚያመጡ ኬሚካሎችን ማምረት ይጀምራሉ። በሕዋሱ ውስጥ የማምረቻውን ትእዛዝ የሚያስተላልፍ ካልሲኒዩሪን የተባለ ኢንዛይም አለ። ታክሮሊመስ ይህን ኢንዛይም ያስቆመዋል፤ ትእዛዙ ስለማይደርስ ኬሚካሎቹ አይመረቱም። ለችፌ በተለምዶ የሚታዘዘው ሌላው መድኃኒት፣ ስቴሮይድም እብጠቱን ያበርዳል፣ እንዲያውም ፈጥኖ። ነገር ግን ሥራው ሰፊ ነው፤ ቆዳን የሚያጠነክረውን ኮላጅን የሚሠሩትን ሕዋሳት ጭምር ያዳክማል። ጠንካራ ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ቆዳው የሚሳሳው፣ የደም ሥሮቹ የሚታዩትና ሸንተረር የሚያወጣው ለዚህ ነው። ታክሮሊመስ ኮላጅኑን አይነካም። ስለዚህ ቆዳው ከመጀመሪያውም ስስ በሆነበት ቦታ፣ በፊት፣ በዐይን ቆብ፣ በአንገት፣ በብብትና በብሽሽት፣ ትልቁ ጥቅሙ ይታያል።

ይህ ማለት ስቴሮይድ ጠላት ነው ማለት አይደለም። ክርንና ጉልበት ላይ የተቀጣጠለ ችፌን በጥቂት ቀናት ለማስታገስ ሐኪም ያዘዘው ስቴሮይድ ዛሬም ተመራጭ ነው፤ ብዙ ሐኪሞች በእርሱ ካበረዱ በኋላ ወደ ታክሮሊመስ ያሻግራሉ፤ እንዲያ ሲሆን ማቃጠሉም ይቀልላል። እኔን የሚያሳዝነኝ ሌላ ነገር ነው። አገራችን ውስጥ የስቴሮይድ ክሬም ያለ ማዘዣ ተገዝቶ ለማድያትና ለፊት ማቅያ ለዓመታት ይቀባል፤ ፊቱ ሲሳሳና ሲቀላ «አለርጂ ነው» ተብሎ እንደገና ያው ክሬም ይጨመርበታል። ታክሮሊመስ ቆዳ አያቀላም። ለማቅያ የሚፈልገው ሰው ከመነሻው አይግዛው።

«ስቴሮይድ የሌለበት» የሚለው ቃል ግን በራሱ ያዘናጋል። ቃሉ በቱቦው ውስጥ የሌለውን ይነግረናል እንጂ ያለውን አይነግረንም። ያለው የመከላከያ ኃይልን የሚያቀዘቅዝ መድኃኒት ነው፤ ስለዚህ ኢንፌክሽን ባለበት ቆዳ ላይ አይቀባም። ቁስሉ መግል ከቋጠረ፣ ቢጫ ቅርፊት ከያዘ፣ በአካባቢው ምች ከወጣ ወይም ልጁ ጉድፍ ከያዘው መጀመሪያ ያ ይታከማል። በችፌው ላይ ተመሳሳይ መጠን ያላቸው፣ የሚያሙ ውኃ የቋጠሩ እብጠቶች በድንገት ከወጡና ትኩሳት ከተከተለ የምች ቫይረስ ተሰራጭቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። ዳማከሴ እያሹ ማደር ለዚህ አይሆንም። የመከላከያ ኃይሉ በሌላ ሕመም ወይም መድኃኒት የተዳከመ ሰው፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ቅባቱን ከመጀመራቸው በፊት ይህንኑ ለሐኪም መንገር አለባቸው።

ሁለት ዓይነት ጥንካሬ አለው፤ 0.03 እና 0.1 በመቶ። የመጀመሪያው ከ2 እስከ 15 ዓመት ላሉ ልጆች፣ ሁለተኛው 16 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ነው። ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይመከርም። ከውጭ አገር ዘመድ በሻንጣ የላከውን ቱቦ ስሙን ብቻ አይተው ልጅ የሚቀቡ እናቶችና አባቶች እባካችሁ ቁጥሩን አንብቡ፤ ሐኪሙንም አማክሩ።

አቀባቡ ቀላል ነው፤ ጥንቃቄው ትንንሽ ነገሮች ላይ ነው። ቆዳው ንጹሕና ፈጽሞ ደረቅ ይሁን፤ ከመታጠቢያ እንደወጡ በእርጥብ ቆዳ ላይ መቀባት ማቃጠሉን ያባብሰዋል። በስሱ፣ ችፌው ባለበት ቦታ ብቻ፣ ብዙውን ጊዜ በቀን 2 ጊዜ ይቀባል። በአዋቂ ሰው ጠቋሚ ጣት የመጨረሻ አንጓ ላይ ከጫፍ እስከ መታጠፊያው የተዘረጋ ቅባት የሁለት መዳፍ ስፋት ያህል ያዳርሳል። በፕላስቲክ ወይም በጠባብ ፋሻ አይሸፈንም፤ ዐይን፣ አፍና አፍንጫ ውስጥ አይገባም። የሚታከመው እጅ ካልሆነ፣ ከቀቡ በኋላ እጅ ይታጠባል። ቫዝሊን ወይም ሌላ ማለስለሻ አይቋረጥም፤ እንዲያውም የሕክምናው ግማሽ እርሱ ነው፤ ነገር ግን በአንድ ቦታ ላይ በሁለቱ መካከል የ2 ሰዓት ያህል ልዩነት ይኑር። ቅባቱን የተቀባ ቆዳ ከፀሐይ ይጠበቅ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ በተቀመጠችው አዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ደመና ባለበት ቀንም አይናቅም፤ ጃንጥላ ወይም ሰፊ ባርኔጣ ይያዝ። ጠጅ ወይም አረቄ የሚቀምስ ሰው ደግሞ ፊቱ በድንገት ቢግል አይደንግጥ፤ በታክሮሊመስ የታወቀ ነገር ነው፤ መጠጡን ሲተው ያልፋል።

ካንሰርን በተመለከተ ያለው ስጋት በግልጽ መነገር አለበት፤ ከመድኃኒቱ ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ ሰፍሯልና። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2006 በሳጥን የተከበበ ማስጠንቀቂያ እንዲታተምበት አዝዟል። መነሻው በከፍተኛ መጠን መድኃኒቱ በተሰጣቸው እንስሳት ላይ የታየው ውጤትና ከተጠቃሚዎች መካከል የተመዘገቡ ጥቂት የሊምፎማ (የሊምፍ ዕጢዎች ካንሰር) እና የቆዳ ካንሰር ሕሙማን ናቸው፤ ቅባቱ መንሥኤ መሆኑ ግን አልተረጋገጠም። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ፣ ወደ 8 ሺህ የሚጠጉ ልጆችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናትም ከሚጠበቀው በላይ ካንሰር አላገኘም። እኔ ማስጠንቀቂያውን የምረዳው ለአጠቃቀሙ ልጓም እንደሆነ ነው፤ ሲድን ይቁም፣ ያለ ዕረፍት አይቀባ፣ ከሚያስፈልገው ቦታ አይለፍ።

ከእርሱ ሌላ ፒሜክሮሊመስ የተባለው ባለ 1 በመቶ ክሬም በዚያው መንገድ የሚሠራ፣ ለቀላል ችፌ የሚታዘዝ ነው። ክሪሳቦሮል የተባለው ባለ 2 በመቶ ቅባት ደግሞ ሌላ ኢንዛይም የሚያግድ ሲሆን በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ሁለቱም ሲጀመሩ ሊያቃጥሉ ይችላሉ።

በ6 ሳምንት ውስጥ ለውጥ ካልመጣ ቱቦ ከመጨመር ምርመራውን ማስደገም ይሻላል። ችፌ የተባለው ጭርት ወይም እከክ ሊሆን ይችላል፤ ጭርት ደግሞ በዚህ ቅባት ሊብስ ይችላል። ሲመላለስ ለሚያስቸግር ችፌ ሐኪም ከዳነም በኋላ በሳምንት 2 ቀን በተለመደው ቦታ ላይ እንዲቀባ ሊያዝዝ ይችላል። እኔም ቱቦውን ከመሳቢያው አውጥቼ ዳግመኛ ስጀምር ማቃጠሉ በ6ኛው ቀን ጠፋ፤ አሁን ሰኞና ሐሙስ ማታ ብቻ እቀባለሁ።

መቼ እንደሚቆም ለማወቅ በጣት መዳሰስ ይረዳል። በጠይም ቆዳ ላይ ችፌ ብዙ ጊዜ ቀይ አይመስልም፤ ግራጫ፣ ቡናማ ወይም ወይን ጠጅ መልክ አለው። ሲድንም የጠቆረ ወይም የነጣ ምልክት ይተዋል። ቦታው ለስልሶ ማሳከኩ ከቀረ ችፌው ድኗል፤ የቀረው ቀለም ነው። እርሱ በወራት ውስጥ በራሱ እየደበዘዘ ስለሚሄድ ቅባት አይጨመርበትም።