«ፋይናንሻል ቶክሲሲቲ» ምንድን ነው?

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ፣ ቡናው በረካ ላይ ደርሶ ነበር። ጎረቤታችን ስልኳን ዘግታ፣ አሜሪካ ያለችው እህቷ የጡት ካንሰር ታክማ ለዕዳው «ጎ ፈንድ ሚ» የሚባለውን የኢንተርኔት መዋጮ መክፈቷን ነገረችን። አንዲት እናት ስኒያቸውን አስቀምጠው «አሜሪካ ተኑሮ? ኢንሹራንስ የላትም እንዴ?» አሉ።

አላት። ግራ የሚያጋባውም ይኸው ነው።

የካንሰር ሐኪሞች ቶክሲሲቲ የሚሉት መድኃኒቱ ዕጢውን ሲመታ በሌላው አካል ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ነው፤ ፀጉር መርገፍ፣ ማስመለስ፣ የደም ሴል ማነስ። እ.ኤ.አ. በ2013 ዩሱፍ ዛፋርና ኤሚ አበርኔቲ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች የሕክምናው ሂሳብም «ፋይናንሻል ቶክሲሲቲ» ተብሎ ከነዚሁ ጋር እንዲቆጠር ጻፉ። በአማርኛ «የወጪ መርዝ» ቢባል ያስኬዳል። «የኢኮኖሚ ችግር» ካልነው ግን አለዘብነው፤ ጉዳዩ ታካሚው ድሃ መሆኑ ሳይሆን ሕክምናው ማደህየቱ ነው።

ኢንሹራንስ እያለ እንዴት? አሜሪካ ውስጥ መድን ድርጅቱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ታካሚው ከኪሱ የሚያወጣው የመጀመሪያ ድርሻ አለ፤ ከዚያም በኋላ ከየሂሳቡ ይካፈላል። ጣሪያ ተበጅቶለታል፤ በኦባማ የጤና ሕግ ሥር ባሉት መድኖች በ2025 ለአንድ ሰው 9,200 ዶላር ነበር። የጣሪያው ቆጠራ ግን በየዓመቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጃንዋሪ፣ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ኖቬምበር ላይ ኬሞ የጀመረች ሴት በጥቂት ወራት ሁለቴ ልትሞላው ትችላለች። በዚያ ላይ መድኑ በአብዛኛው የሚገኘው በሥራ ነው፤ ኬሞ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ሥራውን የሚያጣበት ጊዜ አለ። ዋሽንግተን ስቴት ላይ በ2013 የወጣ ጥናት ካንሰር የያዛቸው ሰዎች ካልያዛቸው ይልቅ 2.65 ጊዜ ያህል ለኪሳራ ፍርድ ቤት እንደሚዳረጉ አሳይቷል። የመድኃኒቱም ዋጋ አለ፦ ለደም ካንሰር የሚሰጠው ኢማቲኒብ በ2001 ሲወጣ ለዓመት 30,000 ዶላር ገደማ ነበር፤ ያው ክኒን በ2012 92,000 ደረሰ።

ሀብታም አገር ሁሉ ግን እንዲህ አይደለም። እንግሊዝ ከ2009 ጀምሮ የካንሰር ታካሚ ለሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት አይከፍልም። ጀርመን ታካሚው የሚጋራው ወጪ ከዓመት ገቢው 2 በመቶ፣ ሥር የሰደደ በሽታ ካለበት 1 በመቶ ላይ ይቆማል። እዚያም ቢሆን የቀረ ደመወዝና መመላለስ ይጎዳል። ለጨረር አዲስ አበባ ወርዶ ሳምንታት የአልጋ ከፍሎ ያስታመመ የወሎ ሰው ይህን ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም።

እናትየው «ጎ ፈንድ ሚ ማለት ቅሬ ነዋ» አሉ። ግማሹ ልክ ነው። ቅሬ፣ የወሎው ዕድር፣ አስቀድሞ ይዋጣል፤ ያኛው ከደረሰ በኋላ ነው፤ የሚሞላውም ብዙ ወዳጅ ላለው ነው።

አሁን «ኮስት» የሚባል መጠይቅ አለ፤ ታካሚውን ወጪው ምን ያህል እንደከበደው የሚጠይቅ፣ ልክ ማቅለሽለሽን እንደሚጠይቁት። የጎረቤታችንን እህት የጠየቃት የለም። ሂሳቡ በፖስታ መጣላት፣ ሕክምናው ካለቀ በኋላ።